የሸንበቆ ሰፈር ጭነት

ሸንበቆ ሰፈር እንደሚነሳ ከተነገረ ወዲህ የሰው ሰላምታ ሁሉ ኪሎ ሆነ። «እንዴት አደራችሁ» ከማለት በፊት «ስንት ደረሳችሁ?» ይባላል። ተጠያቂውም ቅር ሳይለው፣ ቁም ሳጥኑን ከነልብሱ፣ ፍሪጁን ባዶውን፣ አማቱን ከነከዘራቸው መዝኖ የደረሰበትን ይናገራል። የእህል ነጋዴው ሚዛን ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ አልፈታም፤ እህል ግን የሚመዝንበት ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ሰፈር ሲፈርስ ምትክ ቤት የሚሰጠው ከከተማው ዳር ነበር። ዳሩ ሲሞላ የዳሩ ዳር ተሰጠ። እሱም ሲሞላ ከሌላ ከተማ ዳር ጋር ገጠመና አበቃ። ከዚያ ወዲህ የምትክ ምሕዋር ድርጅት የሚባል መጣና ላይ ቤት መስጠት ጀመረ። ላይ ማለት ላይ ነው፤ ቀና ብሎ ማየት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ጉድ አለ። ቀጥሎ የደረሳቸው ሰዎች «ኧረ ውሃ አይጠፋም!» እያሉ ለዘመድ ደወሉ። ከዚያ ወዲያ ጉድ የሚል ጠፋ።

ድርጅቱ ሮኬቱን ይሠራል እንጂ አይቀይስም። የሚቀይሰው ነዋሪው ነው፣ በጌም። ሰፈሩ ሦስት ዕድል ይሰጠዋል። በጌሙ የደረሰ በእውን ይሄዳል፤ በጌሙ የወደቀ በእውን ይቀራል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የውሃ ክፍያው፣ የትምህርት ቤት ምዝገባው፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮው ሁሉ ጌም ከሆነ ቆይቷል፤ ሰው ለምዶታል።

ጎበዜ የሚባል የድርጅቱ ወጣት ባለሙያ እድሩ አዳራሽ መጥቶ ደንቡን አስረዳ። ትሁት ልጅ ነው፤ ክፉ ነገር ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«እያንዳንዱ ቤተሰብ በጌሙ ውስጥ አንድ የነዳጅ በርሜል ያዋጣል፤ ለእድሩም የራሱ አንድ ይሰጠዋል» አለ። «በርሜሉ ምሕዋር የደረሰ ቤተሰብ እዚያው ቤት ይሰጠዋል። በርሜሉ መንገድ ላይ የተጣለበት ግን ምትኩን መሬት ላይ ይወስዳል።»

«መጣልን ምን አመጣው?» አሉ ጋሽ ናሆም። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ከዘራቸውን መሬት ላይ ካሳረፉ ጉባኤ ይጸናል።

«ባዶ በርሜል ተሸክሞ የሚደርስ ሮኬት የለም ጋሼ። ነዳጁን የጨረሰ ይጣላል።»

«የተጣለውስ የት ይገባል?»

«እንደ አወዳደቁ ነው። መጀመሪያ የወደቀ አንድ ቦታ፣ ቀጥሎ የወደቀ ሌላ ቦታ ይመደባል። አብሮ የወደቀ አብሮ ይሰፍራል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእድሩ ዕቃ፣ ማለቴ የጋራ ንብረታችሁ፣ ካልደረሰ ግን ድርጅቱ ሰፈር እንደነበራችሁ አይቆጥረውም። ሁሉም በየግሉ ዕጣ ያወጣል። አገሩ ሰፊ ነው።»

ሹፌር ምረጡ ተባለና ያፌት ተመረጠ። ያፌት ተካ ስልሳን ያለፈ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ስለ ሮኬት የሚያውቀው ከማንም አይበልጥም። ግን በልጅነቱ ፕሌይስቴሽን ቤት ውሎ ማደጉን፣ አባቱም በቀበቶ እየገረፉ ያወጡት እንደነበር ሰፈሩ አልረሳም። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጅዎ አንድ ቀን በዚሁ ጥፋቱ ይመረጣል ቢሏቸው ኖሮ ቀበቶውን ይጨምሩበት ነበር።

«የሹፌሩ ክፍል ጫፉ ላይ ስለሆነ አይጣልም» አለ ጎበዜ። «ጭነቱ ከደረሰ ሹፌሩም ደረሰ። የደረሰ ሰው ደግሞ አልሄድም ማለት አይችልም።»

«አንተማ ምን አለብህ!» አለች ጎረቤቱ እትዬ ሶልያና ከኋላ። «ወንበርህን ይዘሃል!»

አዳራሹ ሳቀ። ያፌትም ሳቀ።

እውነቱን ለመናገር ያፌት ላይ መውጣት አላማረውም፤ ታች መቅረትም አላስከፋውም። እሱ የሚፈልገው ሰዎቹን ነበር። ሚስቱ ቤዛዊት ባረፈች ጊዜ ልጅ የለው፣ ወንድም የለው፣ በሩ ላይ ድንኳን ተክለው አግዳሚ ደርድረው ያስተዛዘኑት እነዚህ ናቸው። እትዬ ሶልያና በየቀኑ ምሳ ይዛ እየመጣች «ብላ እንጂ፣ አንተንም ልንቀብርህ ነው እንዴ?» ትለው ነበር። ጋሽ ናሆም አጠገቡ ቁጭ ብለው ቃል ሳይተነፍሱ ይውሉ ነበር። ያን ጊዜ ነው እሱ የሞተ ቀን ማን ማን እንደሚያለቅስለት በስም በስማቸው ማወቁ የገባው። ከዚያ ወዲህ ሞትን መፍራት ተወ፤ የቀረችው አንዲት ፍርሃት በማያውቁት ሰዎች መሃል መሞት ነበረች። ጎበዜ «በየግሉ ዕጣ» ሲል አዳራሹ ውስጥ ያሉትን በዓይኑ አንድ በአንድ ቆጠራቸው።

ስለዚህ ሥራውን በቁም ነገር ያዘው። ፀጉር ቤቱን በግማሽ ቀን እየዘጋ ጌሙ ላይ ይጣዳል።

የእድሩ ዕቃ ብቻውን ቀላል አይደለም። ሁለት ድንኳን ከነብረት ምሰሶው አለ፤ አግዳሚው አለ፤ ሰው ገብቶ ሊታጠብባቸው የሚችል ብረት ድስቶች አሉ። ይሄስ ይሁን። ችግሩ «የጋራ ንብረት» የሚለው ቃል ሰፈር ውስጥ ሲገባ ማበጡ ነው። ባለ ወፍጮው መጥቶ «ወፍጮው የሁላችንም ነው» አለ። ወፍጮው የእሱ ነው፤ ግን ሁሉም አስፈጭቶበታል፣ አይካድም። ወጣቶቹ የጆተኒውን ጠረጴዛ ይዘው መጡ። ሴቶቹ የውሃ ታንከሩን አሰቡ። የሰፈሩ መግቢያ ላይ ጎማውን አውልቆ ዘመን የቆመ አውቶቡስ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ይጠለልበታል፤ እሱስ የማን ሊባል ነው? ያፌት ለሁሉም «እሺ፣ እንጭነው» አለ። ሰው ዓይን ዓይኑን እያየው እምቢ ማለት አይሆንለትም። ጎበዜ ድምሩን አይቶ «እስከ ዛሬ ከሰፈር ከተላከው ሁሉ የሚከብድ ጭነት ነው» ሲል ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ እንደ ሙገሳ ቆጠረው።

የመጀመሪያው ሙከራ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሆነ። አዳራሹ ሞልቶ፣ ግድግዳው ላይ ሮኬቱ ቆሞ ታየ። በርሜሉ በበርሜል ላይ ተደራርቧል፤ እያንዳንዱ ላይ የቤተሰቡ ስም ተጽፏል፤ አናቱ ላይ አውቶቡሱ በሽቦ ታስሯል። ሰው የራሱን ስም ሲያገኝ ያጨበጭባል። ያፌት ቁልፏን ተጫነ። ሞተሮቹ ሁሉ ነደዱ፤ ጭሱ ግድግዳውን ሸፈነው። ሮኬቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ቆሞ ነደደ፣ ቆሞ ነዳጁን ጨረሰ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

«ፍሬን ይዘኸው እንዳይሆን?» አሉ ጋሽ ናሆም።

«ከብዶት ነው ጋሼ። አንዳንድ ነገር ብንቀንስ ምን ይመስላችኋል?»

ሁሉም ተስማማ። የሚቀነሰው ምን ይሁን ሲባል ግን ሁሉም የጎረቤቱን ጫማ ማየት ጀመረ። ወፍጮው ይቅር ለማለት ባለ ወፍጮው እዚያው ተቀምጧል። ጆተኒው ይቅር ቢባል ወጣቶቹ ይከፋቸዋል። አውቶቡሱን ያነሳበትም አልነበረም። በመጨረሻ ጭነቱ እንዳለ ይሁንና ሞተር ይጨመር ተብሎ በጭብጨባ ተወሰነ። ሞተር ሲጨመር ነዳጅ አነሰ፤ ነዳጅ ሲጨመር ከበደ፤ ሲከብድ ሞተር አነሰ። ያፌት በዚህ ዙሪያ ስንቱን ቀን እንደባከነ እሱው ይወቀው። ሮኬቱ ወፍሮ ወፍሮ ከግድግዳው ማለፍ ሲጀምር ይበቃል አለ።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ተነሳ። ወይ እልልታ! ሴቶቹ ቆመው፣ ወንዶቹ ተቃቅፈው፣ ያ ሁሉ ብረት ደመና ጥሶ ሲወጣ አዩት። ያፌት ራሱ ዓይኑን ማመን አቃተው። ከዚያ የታችኛው በርሜል ነዳጁን ጨረሰና ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። መጣል ነበረበት። ስሙ ደግሞ ከአዳራሹ ጥግ ድረስ ይነበባል፤ የማክቤል ቤተሰብ።

«ያፌት!» አለ ማክቤል፣ ብድግ ብሎ። «ምን በድዬሃለሁ?»

«ባዶ እኮ ነው ማክቤል፣ ነዳጁን ጨርሷል...»

«ሚስትህ ያረፈች ቀን ድንኳኑን ማን ተከለው? እኔ አይደለሁም? እኔን መጀመሪያ?»

የያፌት ጣት ቁልፏ ላይ ቀረች። ወዲያው የሌላው በርሜል ቀላ፤ ባለቤቱ ጮኸ። ሦስተኛውም ቀላ። ሮኬቱ ባዶ በርሜሎቹን ሁሉ አዝሎ ትንሽ አዘገመ፣ ከዚያ አፍንጫውን ደፍቶ ቁልቁል ተመለሰ። አውቶቡሱ ከሁሉም ቀድሞ ወረደ። ማንም ያፌትን አልተቆጣውም፤ ማንም ቀና ብሎም አላየው። አንድ ዕድል ቀራቸው።

በዚያ ሳምንት ሸንበቆ ሰፈር ውስጥ ፀጉሩ ያልተስተካከለ ሰው አልነበረም። ትናንት የተቆረጠው ዛሬ ይመጣል። ራሰ በራው ሳይቀር መጣ። ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ፎጣው አንገታቸው ላይ ይታሰራል፣ ስለ አየሩ ይወራል፤ መኪናው ጆሮ ግንዳቸው ጋ ሲደርስ በመስታወቱ ያዩትና ይጀምራሉ።

«ያፌትዬ፣ እንደው የእኔን በርሜል ከማንም በፊት እንዳትጥልብኝ።»

«እሺ።»

«በእናትህ?»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

ማክቤልም መጣ። በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቀጥሎ ያንኑ ለመነ። ያፌትም ያንኑ መለሰ። ጋሽ ናሆም ምንም ሳይሉ ተላጭተው ተነሱና በሩ ላይ ሲደርሱ «የእኔን ነገር ታውቃለህ መቼም» አሉት። የወንዶች ፀጉር ቤት ገብታ የማታውቀው እትዬ ሶልያና እንኳ «ጫፉን ከርከም አድርግልኝ» ብላ ተቀመጠች።

«እኔ እንኳ ለራሴ አይደለም» አለችው። «የትም ብጣል ግድ የለኝም። ግን ብቻዬን አትጣለኝ። ሰው ከሌለበት ቦታ ሄጄ ማንን እሰድባለሁ?»

«እሺ እትዬ» አለ።

እሷ ስትወጣ ያፌት በሩን ዘጋና ደንበኛ ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀመጠ። መስታወት ውስጥ ያየው ሰው ለሰፈሩ በሙሉ «ከማንም በፊት አትወድቅም» ብሎ ቃል የገባ ውሸታም ነው። አሁን ማንን አስቀድሞ ይጥላል? እንዴት አድርጎስ ዓይናቸውን ያያል? ተናደደ፤ በራሱም፣ በእነሱም፣ ይሄን ጌም በፈለሰፈው ሰውም። እየተናደደ ሳለ አንድ ነገር ታየው። ለሁሉም የገባው ቃል አንድ ዓይነት ነው። ማንም ከማንም ሳይቀድም ከወደቀ ቃሉ አልታጠፈም።

ጎበዜ ጋ ደወለ።

«በርሜሎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢወድቁ ሁሉም አንድ ቦታ ይሰፍራሉ?»

«ደንቡ እንደዚያ ይላል። ግን ጋሼ፣ ጭነቱን ማን ያደርሰዋል ታዲያ?»

«ለእድሩ የተሰጠው የራሱ በርሜል አለ አይደል፣ መሃል ላይ? እሱ ይበቃዋል። ያ ሁሉ ባዶ ብረት ካልጎተተው ይበቃዋል፤ አስልቼዋለሁ።»

ጎበዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጭነቱ ከደረሰ ሹፌሩ መሄዱ አይቀርም። እዚያ ሰፈር ከሰፈር አይገናኝም፤ ብቻዎን ነው የሚሄዱት። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል» አለ ያፌት።

በደንብ ገብቶት ነበር። ስልኩን ዘግቶ መጥረጊያ አነሳ፤ የሰፈሩን ሁሉ ፀጉር ከወለሉ ላይ ጠረገ። እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነኝና ዛሬም እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው ብሎ ራሱን ሊያሞኝ ሞከረ፤ ግን አልነበረም። ዕድሜውን በሙሉ «እሺ» ሲል ይሄኛው የመጀመሪያው ከልቡ የወጣ ነው። ልክ ይሄን ሲያስብ ፍርሃቱ መጣበት፤ የማያውቁት ሰዎች መሃል እንኳ አይደለም፣ ሰው በሌለበት ነው የሚሞተው።

ለሦስተኛው ሙከራ በርሜሎቹን መደራረብ ተወና በእድሩ በርሜል ዙሪያ ክብ አድርጎ አቆማቸው። ነዳጁንም ሁሉም እኩል እንዲጨርሱ አዳረሰው። አዳራሹ ውስጥ የሚያጨበጭብ አልነበረም። ሰው ሁሉ የራሱን ስም በዓይኑ ይዟል። ሮኬቱ ተነሳ፣ ደመናውን አለፈ፣ ሰማዩ ጠቆረ። ቀዩ መብራት በሁሉም ላይ ባንድ ጊዜ በራ። ያፌት ወደ ኋላ ዞሮ አያቸው፤ ከዚያ ተጫነ።

በርሜሎቹ እንደ አበባ ተከፈቱና ወደቁ።

የአዳራሹ ጩኸት ለጉድ ነበር። «ኧረ የእኛ!» «ኧረ የእኛም!» «የማን ቀረ?» ማክቤል ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። ላይ ቤት እገባለሁ ብሎ መጋረጃ የገዛ ሁሉ ነበረና ያፌት በዚያች ደቂቃ ያልተሰደበው ስድብ የለም።

ጋሽ ናሆም ከዘራቸውን አሳረፉ። «የማን ቀደመ?» አሉ።

«የማንም አልቀደመም ጋሼ። ሁላችሁም አንድ ላይ ናችሁ።»

ሰው ይሄን እያላመጠ ሳለ ሮኬቱ ግድግዳው ላይ መንገዱን ቀጥሎ ነበር። ቀለል ብሎት፣ ድስቶቹን፣ አግዳሚዎቹን፣ ወፍጮውን፣ ያን አውቶቡስ ሁሉ ይዞ ሄደና ክቡን ዞሮ ገጠመ። ጌሙ ጥሩምባ ነፋ፤ ጽሑፍም አወጣ፦ «እንኳን ደስ አላችሁ። ሸንበቆ ሰፈር ምሕዋር ደርሷል። የነዋሪ ብዛት፦ አንድ።» ከሥሩ ደግሞ የቀሩት ቤተሰቦች በሙሉ አዋሽ ማዶ፣ ጎን ለጎን መመደባቸው ተገለጸ።

ጽሑፉን አስቀድማ አንብባ የጨረሰችው እትዬ ሶልያና ናት። «አንድ ማለት ማን ነው?» አለች። ያፌትን አየችው፤ ብቻውን የሚሄደው እሱ መሆኑም ገባት። ስድቡ ቀስ በቀስ ቆመ።

ድርጅቱ ቀልጣፋ ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ መኪናዎች መጥተው ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቶቹን ጭነው ወሰዱ፤ አውቶቡሱንም ነቅለው ወሰዱት። ለያፌት የምታብረቀርቅ ልብስና የቤቱ ቁልፍ መጣለት። ጎበዜ ራሱ አምጥቶ ሰጠውና «ሰፊ ቤት ነው ጋሼ» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በመሄጃው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ያፌት ፀጉር ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ሳለ ጋሽ ናሆም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቀጥሎ ማክቤል ጄሪካን ይዞ መጣ፣ ደፋውና ተቀመጠበት። ባለ ወፍጮው ጣውላ አመጣ። ወጣቶቹ ጡብ ደረደሩ። መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ሞላ። እትዬ ሶልያና ንፍሮ በትሪ ይዛ መጣች፤ በትሪ ያደረገችው የእድሩ ዕቃ ሁሉ ስለተወሰደ ነው። ለሁሉም አዞረች።

ያፌት ነገሩን ቆይቶ ነው ያወቀው። «ምን ማለት ነው ይሄ?» አለ። «አልሞትኩ እኮ!»

«ዝም በል» አለች እትዬ ሶልያና።

«እትዬ፣ ሰው በቁሙ ይለቀስለታል እንዴ?»

«ታዲያ መቼ ይለቀስልህ?» ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «እዚያ ሆነህ ብትሞት ማን ያረዳናል? ብንሰማስ ምን ላይ እንቀመጣለን? ዛሬ ሁላችንም አለን። ዛሬ ይመቸናል።» ደረቷን አንዴ መታች፤ ቀጥሎ በእውነት አለቀሰች፤ እሷ ስታለቅስ ማክቤል ፊቱን በእጁ ሸፈነ፣ ከዚያ ሁሉም። ያፌት ሊስቅ ነበር የፈለገው። አልቻለም። ቤዛዊት ካረፈች ወዲህ እንደዚያ አልቅሶ አያውቅም፤ አፍሮም አልተደበቀም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጋሽ ናሆም ተነሱ። እድርተኛ ለቅሶ ላይ መገኘት አለመገኘቱ የሚታወቀው በስም ጥሪ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። እሳቸው ደግሞ ስሙን ሁሉ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ከላይኛው ቤት ጀምረው እየጠሩ ወረዱ፤ የተጠራው ሁሉ «አለሁ» አለ። የቀረ አልነበረም። ፀጉር ቤቱ ጋ ሲደርሱ ከዘራቸውን አሳረፉ።

«ያፌት ተካ» አሉ።

«አለሁ» አለ ያፌት።